ሰዓዳ የጻፈችው ሾፌር

ባለፈው ሰሞን የጡረታ ወረቀቶቼን ኮፒ ላስደርግ ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቁ ከኮፒው ሌላ ኮምፒውተርም ይጠግናል። ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ሶኬቱን ሰክቶ ሲያበራው፣ ዓመታት የተኛበት አቧራ ግሎ ከፕላስቲክና ከብረት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ፊቴ ላይ መጣ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ቆቦ አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሽታ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ማራገቢያው እየተንጓጓ፣ ከውጭ ደግሞ የታጨደ የማሽላ አገዳ ሽታ እየገባ። ባለ ሱቁ ኮምፒውተሩን ላመጣው ሰውዬ «የኔትወርክ ካርዱን አዲሱ ሊኑክስ አያውቀውም» አለው። «ድሮ ድራይቨር ነበረው፤ አሁን አውጥተውታል። ሌላ ካርድ ግዛ፣ ካልሆነም ለቆራሌው ስጠው።»

«ማን ነው ያወጣው?» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጣልቃ ገብቼ።

«ፈረንጆቹ ናቸዋ፣ እናቴ። የሚጠቀምበት ሰው ሲጠፋ ያወጡታል።»

ወረቀቶቼን ይዤ ወጣሁና በረንዳው ላይ ቆምኩ። ረዳቶቹ «ጎብዬ! ሮቢት! ቆቦ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ፣ ሌላው ተተካ፣ እኔ አልተሳፈርኩም። ካርዱ ያው የቆቦው ትምህርት ቤታችን ካርድ ነው፤ ያን ድራይቨር የጻፈችውን ሴት አውቃት ነበር ማለት ያንሳል። ከአንድ ግቢ ነው የኖርነው።

እኔ ቆቦ የመጣሁት በወጣትነቴ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ከደብረ ታቦር ተመድቤ ነው። ደጋ ለለመደ ሰው ቆላው በቀላሉ አይለመድም። እናቴ ያስያዘችኝን ሹራብ ሁሉ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጥኩት ብል በላው። ያኔ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ማንጎው በሣህን እንጂ በኪሎ አይሸጥም፤ ፓፓያው መንገድ ዳር እንደ ድንጋይ ይከመራል። ከአላማጣና ከዋጃ የሚመጡት መኪኖች ያን ትከሻ የማያስቀምጥ የራያ ዘፈን ለቅቀው ዋናውን መንገድ ሲያልፉት የጭማቂ ቤቱ ብርጭቆ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴቶቹ ስስ ባለ አበባ ድሪያ ለብሰው፣ ወንዶቹ ሽርጥ አገልድመው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከገበያ ሲመለሱ ቆሜ አያቸዋለሁ። ከዓመት በላይ አልቆይም ብዬ ነበር። ማንጎው ነው የያዘኝ እያልኩ እቀልዳለሁ እንጂ የያዘኝ የሰዉ ጠባይ ነው። እንግዳ ነሽ ብሎ የሚርቀኝ አልነበረም። ጭማቂ ቤቱ ዛሬ የለም፤ በቦታው ቆርቆሮ ታጥሯል፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ምን እንዳለም አላውቅም።

ቤት የተከራየሁት ከእማማ ዘይነባ ነው። ባላቸው እንድሪስ ከአፋሮች ጋር በፍየልና በጨው ይነግዱ የነበሩ፣ ቀደም ብለው የሞቱ ሰው ናቸው። እማማ ዘይነባ ሽንኩርት እያስመጡ ይሸጡ ነበር። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቁ ኑሩ የአባቱን ንግድ የያዘ፣ ታናሿ ሰዓዳ። ሰዓዳን መጀመሪያ ተማሪዬ ሆና ነው ያወቅኳት። ኋላ ደሴ ተምራ፣ የኮምፒውተር አስተማሪ ሆና ወደዚያው ትምህርት ቤት ስትመለስ ባልደረባዬ ሆነች፤ «እትዬ ብዙ» ማለቷን ግን አልተወችም። ቀጭን ናት፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ ሁልጊዜ ቢጫ ሻሽ የምታስር፣ የወንድ ሰዓት የምታደርግ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር ነበረባት። ኢንሱሊኗን እማማ ዘይነባ ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው በትንሽ የሸክላ ገንቦ ውስጥ አድርገው፣ ገንቦውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብረው፣ ጥላ ሥር ያኖሩት ነበር። አሸዋውን ጧትና ማታ ውሃ ማጠጣት የቤቱ ደንብ ነው፤ እኔም ሳልፍ አጠጣው ነበር። ስለ በሽታዋ ብዙ አታወራም። መርፌዋን ወግታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ኮምፒውተሮቹ የመጡት ከውጭ በእርዳታ ነው። አሮጌ ናቸው፣ ግን ለእኛ ብርቅ ነበሩ፤ ርእሰ መምህሩ አበባ አስይዞ ነው የተቀበላቸው። ወር ሳይሞላ ተማሪው በፍላሽ ባመጣው ቫይረስ ሁሉም ተልፈሰፈሱ። ሰዓዳ አንድ በአንድ ያለባቸውን ሁሉ አጥፍታ ሊኑክስ ጫነችባቸው። እሷ እንዳስረዳችኝ፣ ሊኑክስ ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ሊያየውና ሊያርመው የሚችል፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም ነው። ያረምከውን ለኃላፊዎቹ ትልካለህ፤ ካመኑበት ይገባል፣ ከገባ በኋላ የዓለም ሁሉ ነው። መሣሪያዎቹ ደህና ተነሡ። አልሠራ ያለው የኔትወርክ ካርዱ ብቻ ነበር፤ ገመዱ ተሰክቶ እንኳ መብራቱ አይበራም። አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ መጽሐፍ ለሌሎቹ ሊደርስ አልቻለም። ሰዓዳ ሁሉንም የመማሪያ መጻሕፍት አንድ ኮምፒውተር ላይ ሰብስባ ልጆቹ ሁሉ እንዲያነቡት ነበር ሐሳቧ። በዚያን ጊዜ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ ነው የሚደርሰው።

አንድ ቀን እማማ ዘይነባ ከገበያ ሲመለሱ ፊታቸው ተቀይሯል።

«ብዙዬ፣ ይቺ ልጅ ሾፌር ልትሆን ነው እንዴ?»

«ማን አለ?»

«እሷው ናት! ሾፌሩን ካልጻፍኩ ትምህርት ቤቱ አይሠራም ትላለች። ሾፌር ይነዳል እንጂ ይጻፋል? ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ እኮ።»

ሰዓዳ ጓዳ ውስጥ ሆና እስክትሰነጠቅ ትስቃለች። «ኡሚ፣ ካርዱና ሲስተሙ ቋንቋ አይግባቡም። መሃል ቆሞ የሚያግባባቸው ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ ድራይቨር ይሉታል።»

«ታዲያ አስተርጓሚ በሉት፣ አቦ! ሰው ለምን ታስቁብኛላችሁ?»

ካርዱን ለሠራው ፋብሪካ ጻፍንለት፤ መልስ የለም። ሰዓዳ ታዲያ የዚያ ካርድ ታላቅ ወንድም ለሆነ ሌላ ካርድ የተጻፈ ድራይቨር አገኘችና እሱን መሠረት አድርጋ ጀመረች። የሚስማማውን ታስቀራለች፣ የማይስማማውን እየሞከረች ትቀይራለች። ኮምፒውተሩ ደርቆ ይቆማል፤ ታስነሳዋለች፤ እንደገና ይደርቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈተና እያረምኩ ሳለሁ እየሮጠች መጣችና እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ካርዱ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች። ሁለታችንም አጎንብሰን እንደ ሕፃን አየናት።

የተጻፈውን መላክ ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። ኢንተርኔት ቤቱ ከፋርማሲው ጎን፣ መጋረጃው ሰማያዊ፣ ሒሳቡ በደቂቃ፣ ባለቤቱ ጫቱን እያኘከ «ኔትወርክ የለም፣ ነገ» የሚል ሰው። የኢሜይሉን እንግሊዝኛ እኔ ነበርኩ የማቃናላት። በሌላው ዳርቻ ሆኖ የዚያን ክፍል ሥራ የሚመረምር አንድ ፈረንጅ አለ፤ እኛ ለራሳችን «ጋሼ» እንለው ነበር። ጋሼ ሰላምታ አያውቅም። የላከችውን እየቆራረጠ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር «ይህ ለምን አስፈለገ?» እያለ ይመልሰዋል። እኔ ተናደድኩ። «ምን ዓይነት ባለጌ ነው! እስቲ እንደምን ዋልሽ ቢል ምን ይሆናል?» ሰዓዳ ግን ደስ ይላታል። «አንብቦታል እኮ፣ እትዬ ብዙ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦታል። እዚህ ማን ነው ሥራዬን እንደዚህ ያነበበልኝ?»

ከዚያ ግን አንድ ነገር ሥራውን ሁሉ ሊያበላሸው ደረሰ። ካርዱ ጧት ጧት እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ከቀትር በኋላ ይቆማል። ጋሼ እሱ ጋ ባለው ካርድ ሞክሮ ምንም ችግር የለም፣ ስህተቱ ካንቺ ነው አላት። ሰዓዳ ለጥቂት ቀን ካርዱን በጣቷ እየዳሰሰች ሰነበተችና «ሙቀቱ ነው» አለች። «እሱ አገር ቆቦ የለማ።» እንዴት እናስረዳው? ጋሸና የምታስተምር ጓደኛ ነበረችኝ፤ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር ነው። ሰዓዳ ሁለት ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ አንዱን በእግሯ መሃል፣ አንዱን እኔ ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ ወጣን። አቀበቱ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ «የማን ሕፃን ነው?» እያለ ያሾፍብናል። ጓደኛዬ ቤት ሁለቱን በገመድ አገናኝተን ጋቢ ለብሰን ስናያቸው ዋልን። ቀኑን ሙሉ አልቆሙም። ሰዓዳ ብርዱ አስለቅሷት ይሁን ደስታው እንጃ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ተመልሰን ድራይቨሩን እንደ አዲስ አበጀችው፤ ካርዱ ግሎ ስህተት ማብዛት ሲጀምር ከመቆሙ በፊት ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሲበርድለት እንደገና እንዲፈጥን። ከጎኑም ለሚያነብ ሰው ማብራሪያ አስገባች። በቆቦ ቀትር ይህ ካርድ ይቆማል፣ ስለዚህ ቀስ እንዲል እናደርገዋለን የሚል ነበር። ጋሼ ይሄን ጊዜ አልቆረጠም። ገባ።

ገባ ማለት ምን እንደሆነ እኔ የገባኝ ኋላ ነው። ከሩቅ አገር፣ ደሴት ላይ ያለ ክሊኒክ የሚሠራ አንድ ሰው ጻፈላት፤ እነሱም ያው ካርድ ነበራቸው፣ እነሱም ቀትር ላይ ይቆምባቸው ነበር። እኛም ጋ ለከተማው ጤና ጣቢያ የተሰጡት ኮምፒውተሮች በዚያ ድራይቨር ተያያዙ። የትምህርት ቤቱ ልጆች መጽሐፉን በስክሪን እየተጋፉ ማንበብ ጀመሩ። ያን ቀን ጭማቂ ቤት ገብተን ፓፓያ አዘዝኩ፤ ስኳሩን አስቀርታ ጠጣች። የሰጡን ሽልማት የለም፣ የምስክር ወረቀት የለም፣ ርእሰ መምህሩም በስብሰባ ላይ «መምህርት ሰዓዳ ኮምፒውተሩን ስለጠገነች» ብሎ አመሰገነና አለፈ። እሷ ግድ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ድራይቨሩ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ የምትመልሰው፣ የሚለወጠውን የምትሞክረው እሷ ነበረች፤ ስሟም እዚያው ኃላፊ ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ማን ከየት መጣ፣ ማን ምን አደረገ የሚለውን ለሚያውቁት እተዋለሁ፤ እኔ የማውቀው ግቢያችንን ነው። መጀመሪያ መብራት ሄደ። ቀጥሎ ስልክ። ባንክ ተዘጋ፣ መኪና ቆመ፣ ያ ቀንና ሌሊት የማያርፍ ዋና መንገድ ውሻ ብቻ የሚሄድበት ሆነ። የሚችል ወጣ። እኛ ሰዓዳን ይዘን በእግር የት እንሄዳለን? ትምህርት ቤቱ ተሰባበረ፤ ኮምፒውተሮቹ አንዳንዱ ተጭኖ ሄደ፣ የቀረው ግቢው ውስጥ ተረገጠ። ሰዓዳ ይሄን ስትሰማ «አብሽሪ፣ እትዬ ብዙ፣ ዕቃ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ኢንሱሊኑ እያለቀ ነበር። መጠኑን ቀነሰች፤ ምግቧንም ቀነሰች። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከጎንደር ተመድባ የመጣች አንዲት ነርስ ብቻዋን ቀርታ ነበር፤ በሩ ተገንጥሏል፣ ማቀዝቀዣው አፉን ከፍቶ ቆሟል። «የነበረው በሙቀት ተበላሽቷል፣ እማማ» አለችኝ። «ብሰጥዎት ውሃ መስጠት ነው። እኔ ራሴ ምን እንደማደርግ አላውቅም።» አብረን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ገና ወጣት ናት።

ኑሩ ይሄን ሲሰማ ተነሥቶ የውሃ ኮዳውን ሞላ። ከአባቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው አፋሮች አሉ፤ መድኃኒት ፍለጋ በዞብል ተራራ በኩል ወደ አፋር ቆላ ወረደ። እማማ ዘይነባ አልከለከሉትም። በሩ ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉለትና ገቡ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለእኔ አንድ ረጅም ቀን ነው። ሰዓዳ ትጠማለች፣ ትጠጣለች፣ መልሳ ትጠማለች። ሰውነቷ ድሪያዋ ውስጥ ጠፋ። አእምሮዋ ግን ደህና ነበር። አንድ ቀን «እትዬ ብዙ፣ መንገዱ ሲከፈት ኢሜይሌን ክፈችልኝ» ብላ የይለፍ ቃሉን ነገረችኝ። «የጠየቀ ሰው ይኖራል። መልስ ሲያጣ ትታው ሄደች እንዳይል።»

ኑሩ ተመለሰ። ፊቱ በፀሐይ ተልጧል፣ እግሩ ቆስሏል። ኢንሱሊን ይዟል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁ ሲደርቅ የሚጠጣውን ውሃ እያፈሰሰበት፣ ከሰው ሰው እየተቀባበሉ ነው ያመጡት። እማማ ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወለሉ ላይ ተደፉ። ሰዓዳ ወጋች፤ ኑሩ አጠገቧ ተቀምጦ እያያት። እኛ ሁላችን ተኛን፣ እሱ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በማግሥቱ ጧት ውሃ ስሰጣት እጄን ያዘችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሞቆታል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ። መንገድ ላይ ሞቆታል። አይሠራም። ኑሩ እንዳይሰማ።»

ቀኑን ሙሉ፣ ከዚያም በኋላ፣ ኑሩ «ሰዓቱ ደረሰ» ባላት ቁጥር ትነሳለች፣ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ያን የሞተ መድኃኒት ትወጋለች። «እንዴት ነሽ?» ይላታል። «ትናንት ይብስ ነበር» ትለዋለች። እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ እይዛለሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ረፋድ ላይ ነው ያረፈችው፤ ትንፋሿ እየረዘመ፣ እየጠለቀ ሄዶ ቆመ። በከተማው ውስጥ የቀሩት ወንዶች ጥቂት ነበሩ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተጋግዞ ተሸክሟት ሄደ። እኔ ከእናቷ ጋር ቀረሁ። ኑሩ እስከ ዛሬ ዘግይቶ የደረሰ ነው የሚመስለው። ይሄን ያህል ብፈጥን ኖሮ እያለ ራሱን ሲበላ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እሷ አደራ ስላለችኝ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ከአገር ወጥቷል፤ ይሄን ቢያነበው ግን አይከፋኝም። የቻለውን ሁሉ አድርጓል፤ ፀሐይን የሚያሸንፍ ሰው የለም።

መንገዱ ሲከፈት ወልድያ ሄድኩና ኢሜይሏን ከፈትኩ። ጋሼ ጽፎ ነበር። አንድ ለውጥ እንድትሞክርለት ይጠይቃል። ቀጥሎ ያንኑ በድጋሚ ይጠይቃል። ሦስተኛው ላይ፣ መልስ ስላልተገኘ ድራይቨሩ ኃላፊ የሌለው ተብሎ ተመዝግቧል ይላል። ኃላፊ የሌለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሉት ሳነብ ደነገጥኩ። ወላጅ አልባ ነው የሚሉት። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት፣ አንዲት አጭር መልስ መጻፍ አቅቶኝ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ እንደሞተች፣ መድኃኒት አጥታ እንደሞተች፣ ሳትመልስ የቀረችው ትታው ስለሄደች እንዳልሆነ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ስሄድ መልሱ ደርሷል። ረጅም ነበር። እንደዚህ ያለ ነገር መጻፍ እንደማያውቅበት፣ አብረው ሲሠሩ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ስለ ራሷ አንድ ጥያቄ እንዳልጠየቃት፣ ይሄም እንደሚቆጨው ይናገራል። ለሲስተሙ ሥራ የሠሩ ሰዎች ስም የሚሰፍርበት ቦታ አለ፤ ስሟን እዚያ ሊያስገባ ይፈልጋል፤ ከስሟ ሥር አንድ መስመር ምን እንበል ይላል።

እማማ ዘይነባ ግቢው ውስጥ ለገበያ የሚወጣውን ሽንኩርት ከበሰበሰው ይለዩ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነገሩን አስረዳኋቸው። ሥራቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«የአባቷን ስም አስገቢ» አሉ። «ቆቦ በዪ።»

«እሺ። መሞቷንስ፣ እንዴት እንደሞተች ልጻፈው?»

እጃቸው ቆመ።

«ተዪው» አሉኝ። «ለነሱ የሠራችውን ንገሪያቸው፤ እነሱ የሚያውቋት በሱ ነው። ሞቷ የኔ ነው። ለኔ ተዪልኝ።»